አሰጋሽ ያለፈችበት ኩርባ

ወሬው እንዲህ ነው፦ የውኃ ቆጣሪ አንባቢዋ አሰጋሽ በስኪ መንሸራተት ውድድር ማጣሪያ ላይ ጓደኛዋን ፊርደውስን ከኋላ ደርሳ፣ በያዘችው በትር ወገቧን ገፍትራ፣ ቦይ ውስጥ ከታት ነው ያለፈችው። ይህ እዚሁ ከተማችን መካነ ሰላም ላይ የሚወራው ነው። ወግዲ ሲደርስ ቦዩ ገደል ሆኗል። ደጎሎ ገበያ ላይ ደግሞ ፊርደውስ ሞታ፣ ተቀብራ፣ ሰደቃዋ ሁሉ ወጥቷል። ይህን የሰማ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ሱቋ ገብቶ፣ ከራሷ ከፊርደውስ እጅ ሦስት ሜትር አቡጀዴ እየገዛ፣ «እዚህ ከተማ አንዲት ልጅ በክፋት ሞተች አሉ፤ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» ብሎ ጠይቋታል። ፊርደውስ የታሰረ እግሯን በርጩማ ላይ እንደዘረጋች ጨርቁን እየለካች፣ «በጣም ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ቆንጆም ነበረች» አለችው።

አልገፋቻትም። በመሃላቸው የአንድ ደቂቃ መንገድ ነበር፤ በአንድ ደቂቃ ርቀት ሰው የሚገፋ በትር ገና አልተሠራም። የሆነው ነገር ከመግፋት ያነሰ ነው። ችግሩም ማነሱ ነው። ለገፋ ሰው ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ነገሩ ያልቃል። አሰጋሽ ያደረገችውን ግን ራሷ ካልተናገረችው በቀር የሚከሳት ሰው አልነበረም።

አሰጋሽን ለማያውቅ፦ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የከተማውን በር ሁሉ ታንኳኳለች። ውሻ ሁሉ ያውቃታል፣ የሚወዳት ግን አንድም የለም። እግሯ ረጅም ነው፣ ትንፋሿ አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ተጣብቷት ኖሯል፦ ሁሉ ነገር ለጥቂት ያመልጣታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሁለት ነጥብ ወደቀች። ለዞን ሩጫ ሦስት ሰው ሲመረጥ አራተኛ ወጣች። ሊያገባት ያሰበ መምህር ሽማግሌ ሊልክ በተባለበት ሳምንት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረና እዚያው አገባ። እኛም ሥራ አይጠፋንምና «ለጥቂት» የሚል ስም አወጣንላት። «ለጥቂት መጣች፣ ውሻውን እሰሩ» እንላለን፣ እሷ ትሥቃለች። ስለምትሥቅ የማይከፋት መስሎን ነበር።

ስኪውን ያመጣብን ባህሩ ነው። አረብ አገር ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ምን ትሠራ ነበር ተባለ።

«በረዶ እጠርግ ነበር።»

በረሃ ላይ በረዶ! አረቦቹ የተራራ ያህል አዳራሽ ሠርተው፣ ውስጡን አቀዝቅዘው፣ በረዶ አንጥፈው፣ እግራቸው ሥር ስስ ዘንግ አስረው ይንሸራተቱበታል አለ። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ንጉሡ ሰምተው ሰምተው፣ «እኛ ውርጭ በነፃ መጥቶ ገብሳችንን ሲፈጀው እናለቅሳለን፤ እነሱ ገንዘብ አውጥተው ይጠሩታል? አንተ ልጅ ፀሐይ መትቶሃል» አሉት። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የእኛው ግን ከመቅበርም አልፎ ይዳኛል።

ባህሩ አልተከራከረም። ሻንጣውን ከፍቶ ሦስት ጥንድ ስኪ አወጣ። በረዶ በሌለበት የሚለማመዱበት ዓይነት ነው፦ ከክንድ ትንሽ የሚረዝም ዘንግ ሆኖ ከፊትና ከኋላ ትንንሽ ጎማ አለው። በሁለት እጅ በትር ይዘው፣ መሬቱን ወደ ኋላ እየገፉ ይነዱታል። ፍሬን የለውም። ከተማው በሁለት ቀን ውስጥ «የእግር ባጃጅ» አለው።

መጀመሪያ የሞከሩት ወንዶቹ ናቸው። አንዱ ሳይፈልግ ጠላ ቤት ገባ። ሌላው እሱን አይቶ ፈልጎ ገባ። በወሩ መጨረሻ ስኪው ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፦ አሰጋሽና ፊርደውስ። ፊርደውስ በእናቷ በእማ ይርገዱ የጨርቅ ሱቅ የምትሸጥ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሂጃቧን አጥብቃ አስራ፣ በላዩ ላይ የወንድሟን ሰማያዊ የሞተር ሄልሜት ደፍታ ቁልቁለቱን ስትለቀው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል «ያረቢ!» ይላል።

አንድ ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ አብረው ወጡ። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ቁማ ታነሣታለች፣ አቧራዋን ታራግፍላታለች፣ ከዚያ ትሰድባታለች።

«አሰጉዬ፣ በረዶ ላይ ብትወጪም እንዲህ እንደ ጤፍ ጆንያ ልትዘረገፊ ነው?»

«በረዶ ለስላሳ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ባህሩ።»

«ባህሩማ አንቺንም ቆንጆ ናት ብሏል። ወላሂ የሱ ነገር አይታመንም።»

በሚያዝያ ባህሩ ስልኩን እያውለበለበ መጣ። ወደ ደቡብ ርቆ፣ እውነተኛ በረዶ የሚወርድበት የአፍሪካ ተራራ ላይ፣ በሐምሌ፣ የአካባቢው አገሮች የክረምት ጨዋታ አለ። እንጀራቸው ስፖርት ላልሆነ ሰዎችም የስኪ ውድድር አዘጋጅተዋል። በረዶ የሌለው አገር ሰው በባለጎማው ስኪ ይጣራል፦ አራት ኪሎ ሜትር፣ በሦስት የተለያየ ሳምንት፣ በቪዲዮ ተቀርጾ ይላካል። የሦስቱ ቀን ሰዓቷ ተደምሮ ከሁሉ ያነሰላት አንዲት ሴት ታልፋለች።

«የክረምት ጨዋታ?» አሉ ጋሽ ንጉሡ። «በክረምት ሰው ያርሳል እንጂ ይጫወታል?»

ያም ሆኖ ቅሬው ሰው ሰጠ። መንገዱ ከከተማው መውጫ ያለው አዲሱ አስፋልት ሆነ፦ መጀመሪያ ሜዳ፣ ቀጥሎ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ መሃል በባሕር ዛፍ የተጋረደ ኩርባ፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ዳገት። ኩርባው ላይ ካሳ የሚባል ሰው ከሦስት ጎረምሶች ጋር ይቆማል፤ ጠጠር ይጠርጋሉ፣ አህያና ባጃጅ ይመልሳሉ፣ የወደቀ ያነሣሉ።

የመጀመሪያው እሑድ ፊርደውስ በአሥራ አራት ሰከንድ ቀደመች። በሁለተኛው አሰጋሽ ሦስቱን አስመለሰች። አሥራ አንድ ሰከንድ ቀረ። በዚያ ሳምንት አሰጋሽ ቆጣሪ ልታነብ በሄደችበት በር ሁሉ፣ «አሁንም ለጥቂት ነው አሉ!» እያልን ተቀበልናት። አልሣቀችም። እኛም አላስተዋልንም።

ሦስተኛው እሑድ ማለዳ የቅሬው ለፋፊ ጮኸ። በላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። ቅሬ ሲጠራ ሱቅ ይዘጋል፣ በሬ ይፈታል፣ ሩጫም ይቀራል። ባህሩ ግን ጋሽ ንጉሡ እግር ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮው ዛሬ ካልተላከ የዓመት ልፋታችን ገደል ገባ!»

«ሟቹ አይቸኩሉም» አሉ ጋሽ ንጉሡ። «ሴቶቹ ሩጠው ይምጡ። ለመቃብር ቁፋሮ ግን አንድ ሰው አልተውልህም።»

ባህሩ ከንግግሩ ፊተኛውን ብቻ ሰምቶ ሄደ። ካሳና ጎረምሶቹ ኋለኛውን ሰሙና፣ መጥረጊያውን ባሕር ዛፉ ላይ አስደግፈው፣ አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ማንም ያጠፋ አልመሰለውም። ቅሬ ጠርቶ ማን ኩርባ ይጠብቃል? ሌሊት የዘነበው ዝናብ ያወረደው ጠጠር አስፋልቱ ላይ እንደተበተነ ቀረ።

መነሻው ላይ አለኸኝ የተባለ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሰዓት ይዞ ቆመ፤ መድረሻው ወፍጮ ቤት ጋ ባህሩ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል። ዕጣ ወጣና ፊርደውስ ቀድማ ተለቀቀች። ከመሄዷ በፊት ዞር ብላ፣ «አሰጉዬ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንገናኝ፤ ላንቺ ወንበር ይዤ እጠብቅሻለሁ» አለቻት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አሰጋሽ ተከተለች።

ቁልቁለቱን ስትጀምር ከላይ ሰፈር የለቅሶው ኡኡታ በነፋሱ ይመጣ ነበር። ኩርባው ሲቃረብ ሌላ ድምፅ ሰማች። ቅርብ ነው፣ ከፊቷ ነው።

«ኡኡ! አሰጉዬ! ድረሽልኝ፣ አሰጉዬ!»

ቦዩ ውስጥ ሰማያዊ ሄልሜት አየች። የካሳን መጥረጊያም አየች። ሰው አለመኖሩንም አየች። ጠጠሩንም አየችው፤ ባታየው ኖሮ እሷም ትወድቅ ነበር። ጉልበቷን አጠፈች፣ በትሮቿን ብብቷ ሥር ሰበሰበች፣ ኩርባውን በውስጥ በኩል፣ ጠጠሩን ስታ ወሰደችው። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ብቻ አሰበች፦ አሥራ አንድ ሰከንድ። ልቁም ብትል ፍሬን የለውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የለውም። ዳገቱ ግን ከኩርባው ሦስት መቶ እርምጃ በታች ይጀምራል፤ ዳገት ላይ ስኪ ራሱ ይቆማል። ዳገቱን በበትር እየገፋች የወጣችው እሷ ናት።

ባህሩ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስልኩን እንደደገነ፣ «ፊርደውስስ? የታለች?» ብሎ ጮኸ።

«አላየኋትም» አለች።

ባህሩ ዳገቱን ወረደ፣ ሮጦ ደረሰላት። ቅልጥሟ ተሰብሯል። ሌላ ነገር ስላልተገኘ የቅሬው ቃሬዛ መጣላት፤ ሟቹ እንደተባለው አልቸኮሉም፣ ቃሬዛው እስኪመለስ ጠበቁ። አሰጋሽ ከሰዓት ቀብር ወጣች። ከሟቹ ልጆች አብልጣ አለቀሰች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው፣ «ዘመዷ ኖሯል እንዴ?» ተባባሉ። «አይ፣ ቆጣሪያቸውን ታነብላቸው ነበር» አለች አንዷ።

ፊርደውስ ሆስፒታል ፎቶ ተነሣች፣ ጀሶ ታሰረላት። በሳምንቱ እማ ይርገዱ፣ «ልጄን ግድግዳ አደረጓት» ብለው ወጌሻ መለሰን አስመጡ። አያ መለሰ ጀሶውን ከፍቶ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አሰረው። በዚያው ሰሞን የመግፋቱ ወሬ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አይታወቅም፤ ብንጠያየቅ ሁላችንም ከሌላ ሰው ነው የሰማነው። ቅሬው ነገሩን ለማጥራት ሁለቱንም ጠራ። ፊርደውስ በቃሬዛ መጣች። በዚያ ቃሬዛ ሁለት ጊዜ ተጭና ከነሕይወቷ የወረደች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ገፍታሻለች?» አሉ ጋሽ ንጉሡ።

«ወላሂ አልነካችኝም። በጠጠሩ አድጦኝ ነው።»

«ጮኸሻል?»

«ጮኼያለሁ።»

ጋሽ ንጉሡ ወደ አሰጋሽ ዞሩ። «ኡኡታ ሰምቶ ያልደረሰ ከቅሬ ይወጣል። ይህን ታውቂያለሽ። ሰምተሻል?»

አሰጋሽ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ዛሬም እንከራከርበታለን። የሆነው ሆኖ ፊርደውስ ቀደመቻት።

«ጋሽ ንጉሡ፣ ያን ዕለት ከተማው ሁሉ ኡኡ ይል አልነበር? የለቅሶው መስሏት ነው እንጂ አሰጉ እኔን ጥላ ትሄዳለች? አይደል፣ አሰጉዬ?»

«አዎ» አለች አሰጋሽ። «የለቅሶው መስሎኝ ነው።»

ነገሩ ሁሉንም አሳመነ። እንዲህ ያለ ምክንያት ሌላ አገር አይሠራ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ለቅሶ ካለ ኡኡታ ሁሉ የለቅሶ ነው። ጋሽ ንጉሡ ሁለቱንም መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን። አሰጋሽም አሜን አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ፦ አሰጋሽ አልፋለች። «ለጥቂት» የሚለውን ስም በዚያው ቀን ተውነው። በየበሩ እልል ተባለላት። አንድ ቤት ውስጥ ቆጣሪ ልታነብ ገብታ ቁጥሩን ሳትጽፍ ወጣች፤ ሁለተኛ ተመለሰች፣ አሁንም ሳትጽፍ ወጣች። የቤቱ ባለቤት፣ «ልጄ፣ ደስታ ነው ያፈዘዘሽ» አሏት።

በየቀኑ ፊርደውስ ዘንድ ሄደች። ውኃ ቀዳች፣ ልብስ አጠበች፣ ሱቁን ጠረገች፣ ማንም ሳይልካት ጣቃውን ሁሉ አውርዳ እንደገና ደረደረች። እማ ይርገዱ ለደንበኛው ሁሉ፣ «የሆዴ ልጅ ያላደረገችልኝን ነው የምታደርግልኝ» ይላሉ። ይህ በተባለ ቁጥር አሰጋሽ ሌላ የምታጥበው ነገር ትፈልጋለች። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ደግማ ስታጥብ ፊርደውስ ያዘቻት።

«አሰጉዬ፣ ያ ቀሚስ ምን አደረገሽ?»

«ያልለቀቀ ነገር አለው።»

«ቀለሙ ነው! እሱን ካስለቀቅሽው ምን ልለብስ ነው?»

መንፈሷ እንቢ ሲላት ለንስሐ አባቷ ተናገረች። አባ የቀን ሃምሳ ስግደት ሰጧትና፣ «ስግደቱ የእግዚአብሔር ነው፤ የልጅቱን ግን ለልጅቱ ትነግሪያለሽ» አሏት። ስግደቱን ጀመረች። ሃምሳው ሲያንሳት መቶ አደረገችው። በሦስተኛው ሳምንት ባህሩ ዳገት ላይ ሰዓት ይዞላት፣ «ጭንሽ ብረት ሁኗል! ምን እየሠራሽ ነው?» አላት። ንስሐው ልምምድ ሆኖላት አረፈ። ያን ዕለት ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተቀምጣ እንዳለቀሰች አለኸኝ አይቷታል፤ ዱቄት ዓይኗ ገብቶ ነው ብሎ ለማንም አልተናገረም፣ ለእኛ ብቻ ነው የነገረን።

ፊርደውስ ደግሞ አሠልጣኝ ሆነችባት። ከተዘረጋችበት ሆና፣ «ኩርባ ስትይዢ ትከሻሽን አትጣይ» ትላለች፤ «ከኔ ተማሪ፣ እኔ ትከሻዬን ጥዬ ነው የወደቅሁት።» አሰጋሽ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ልንገራት ብላ የመጣችበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ገባ፣ አንድ ቀን እማ ይርገዱ ምሳ አቀረቡ፣ አንድ ቀን ደግሞ የሚያግዳት ምንም አልነበረም፤ ልብስ አጥባ ተመለሰች። ብትናገር ፊርደውስን ታጣለች። ቅሬው ከሰማም ትወጣለች፤ እናቷ ቢሞቱ የሚቀብርላት አይኖርም። ባትናገር በረዶው ላይ ትቆማለች፤ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳይሆን።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ፣ አያ መለሰ ስንጥሩን ሊፈታ መጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ የነገረን እሱ ነው፤ አያ መለሰ አጥንት ያስራል እንጂ ወሬ ማሰር አይሆንለትም። ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ እሱ፣ ፊርደውስ፣ እማ ይርገዱና አሰጋሽ። ጨርቁ ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ነጥቶ ወጣ። ትንሽ ጠመም ብሏል። አያ መለሰ ቅባት ቀብቶ አሸው።

«ትሄዳለች» አለ። «መሮጡን ግን እንጃ።»

«አብሽር፣ አያ መለሰ» አለች ፊርደውስ። «እኔ ከንግዲህ ሱቅ ውስጥ ነው የምሮጠው።»

ልትቆም ሞከረች። ግራ እጇን አሰጋሽ ትከሻ ላይ ጣለች፣ ቆመች፣ አንድ እርምጃ ሄደች። እማ ይርገዱ እልልታ ጀምረው ለቅሶ ሆነባቸው። ፊርደውስ ከጉያዋ ሁለት የሱፍ ጓንት አወጣች። አልጋ ላይ ሆና የሠራቻቸው ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይረዝማል።

«እንኪ፣ የበረዶ ነው። ረጅሙ ለቀኝ እጅሽ ነው፤ ገና ስጀምር መለኪያው ጠፍቶኝ ነው። ስሚኝ ደሞ፣ እዚያ ብትወድቂ ‹ኡኡ› ብለሽ እንዳትጮሂ፤ አማርኛ የሚሰማ የለም፣ ዘፈን ይመስላቸዋል።»

እማ ይርገዱ በእንባቸው መሃል ሣቁ። አያ መለሰም ሣቀ። አሰጋሽ ጓንቶቹን አልተቀበለችም። የፊርደውስ እጅ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ከዚያ ሳትንቀሳቀስ፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። አያ መለሰ ጨርቁን ጠቅልሎ፣ ስንጥሩን ሰብስቦ፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ የሰማው ይህን ነው ይላል።

«ፊርዱ፣ የለቅሶ ኡኡታ የኔን ስም አይጠራም። ሁለት ጊዜ ነው የጠራሽኝ።»